አንቺ የትኛው ክፍል ላይ ነው የወጣሽው?

 

ዛሬ ስለ ወረቀት አልጽፍም። ስለ ድራማ ነው የምጽፈው። አዎ፣ ስለ ሬዲዮና ስለ ቴሌቪዥን ድራማ። መጨረሻው ግን ወረቀት ላይ ማረፉ አይቀርም። የስደተኛ ወሬ ምን ይደረግ፣ ከየትም ቢነሳ ወረቀት ጋ ይደርሳል።

ካምፓላ ውስጥ ሐበሻ ሰብሰብ ብሎ ቡና ሲጠጣ የወሬው አካሄድ የታወቀ ነው። አቦሉ ላይ የቤት ኪራይና ያካ ነው፤ መብራቱ አለቀ፣ ማን ይሙላ። ቶናው ላይ ኬዝ ነው፤ ማን ተጠራ፣ ማን ሪጄክት ሆነ፣ ማን በረረ። በረካው ላይ ሲደርስ ግን ሰው ይደክመዋል። ዝም ይባላል። ያኔ ነው አንዱ ከጥግ ሆኖ፣ «እኔ የምለው... ያ ድራማ ግን መጨረሻው ምን ሆነ?» የሚለው።

በቃ! ቤቱ ይነሳል። አንዷ አስናቀን ትራገማለች። ሌላው «ኧረ የመጨረሻውስ እንደዛ አልነበረም» ብሎ ይከራከራል። ጋቢ ደርበው የተኙ የሚመስሉት አባት ቀና ብለው፣ «እናንተ ምን ታውቃላችሁ፣ ድራማ ማለት የሬዲዮው ነበር» ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ሁልጊዜም አንድ ነው፤ «አንቺ የትኛው ክፍል ላይ ነው የወጣሽው?»

ልብ በሉ፣ «መቼ ወጣሽ?» አይደለም ጥያቄው። «ለምን ወጣሽ?»ም አይደለም። እነዚያን ሁለት ጥያቄዎች በየቢሮው ስለምንጠየቅ እርስ በርስ አንጠያየቅም። «የትኛው ክፍል ላይ?» ስትባል ግን ሰው ሳይፈራ ይመልሳል። «አስናቀ ገና ሳይጋለጥ ነው የወጣሁት» ትላለች አንዷ፣ ሳቅ እያለች። ያ ሳቅ ውስጥ የወጣችበት ሌሊት አለ፣ ያልተሰናበተቻት እናቷ አለች። ሁላችንም እናውቃለን። ማንም ግን አይናገረውም።

አባታችን ያነሱት የሬዲዮ ድራማ «የቀን ቅኝት» ነው። ዕድሜያችሁ ከሰላሳ በታች የሆናችሁ ላታውቁት ትችላላችሁ። በኢትዮጵያ ሬዲዮ ከግንቦት 25 ቀን 1994 እስከ ኅዳር 18 ቀን 1997 ዓ.ም. በ257 ክፍል የተላለፈ ነው። ያዘጋጀው ፖፑሌሽን ሚዲያ ሴንተር የሚባል ድርጅት ነበር። ስለ ኤችአይቪ፣ ስለ ጠለፋ፣ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ለማስተማር የተሠራ ነው፤ በተመሳሳይ ጊዜ በአፋን ኦሮሞም «ዲምቢባ» የሚባል ነበር። ትምህርት ነው ብሎ ያዳመጠው ሰው ግን አላየሁም። ፍቅርተ ምን ትሆን ይሆን ብሎ ነው ሰው ሥራውን ጥሎ ሬዲዮ ጋ የሚቀመጠው። ባትሪ የሌለው ባትሪ ካለው ቤት ይሄዳል። ባትሪው ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ በጥርስ ነከስ ነከስ ይደረጋል፣ ለአንድ ክፍል ያህል ነፍስ ይዘራል።

ለዝግጅቱ ከ15 ሺህ በላይ ደብዳቤ ተጽፎለታል። ደብዳቤ ነው የምላችሁ! ወረቀት ተገዝቶ፣ ቴምብር ተለጥፎ፣ ማንበብ የማይችለው ለተማረ ልጅ እየነገረ ያስጻፈው። ድርጅቱ ራሱ ባደረገው ጥናት ድራማውን ይከታተሉ የነበሩ ወንዶች ካልተከታተሉት በ4 እጥፍ፣ ሴቶቹ ደግሞ በ3 እጥፍ የኤችአይቪ ምርመራ አድርገዋል። ዘዴው ሚጌል ሳቢዶ ከሚባል ሜክሲኳዊ የመጣ ነው። ሰውዬው በ1970ዎቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በአገሩ ቴሌቪዥን ላይ የሞከረው ነገር ነው፤ አንድ ጥሩ ሰው፣ አንድ መጥፎ ሰው፣ በመሀል ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚወላውል እንደ እኛ ያለ ሰው ታስቀምጣለህ፤ አድማጩ ከሚወላውለው ጋር አብሮ ይሄዳል። ከሜክሲኮ ተነስቶ የእናቶቻችን ጓዳ ገባ።

ከዚያ የቴሌቪዥኑ ትውልድ መጣ። «ገመና»ን የሚያነሳ አለ። ከሁሉ በላይ ግን «ሰው ለሰው» ነው። በ2004 እና በ2005 ዓ.ም. አገር ቤት የነበረ ሰው ይመስክር፤ በሳምንት አንድ ማታ ከተማው ጭር ይል ነበር። ጋሽ አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ ሲመጣ የሚሳደበው ሰው፣ በማግስቱ ሰፈር ውስጥ ያለውን ክፉ ሀብታም «አስናቀ» ብሎ ይጠራው ነበር። እስከ ዛሬ ካምፓላ ውስጥ ኪራይ የሚጨምር አከራይ «አስናቀ» ነው። ሙጋንዳው ምን እንደምንለው ቢያውቅ!

ትናንሾቹ ደግሞ የቃና ልጆች ናቸው። ቃና በ2008 ዓ.ም. ሲከፈት የቱርኩን ድራማ በአማርኛ አስነግሮ አመጣው። የኛ አርቲስቶች ባህል ይበርዛል፣ ሥራም ይዘጋብናል ብለው ተቃወሙ፤ ሰዉ ግን አየ። ከሰዓት በኋላ ወጥ ጥዶ የቱርክ ድራማ ያላየ ቤት ጥቂት ነው። እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ግን ይህንንም አላገኙትም። እነሱ የሚያዩት የውጭ ፊልም ላይ አንድ ቪጄ ብቻውን የወንዱንም የሴቷንም የሕፃኑንም እየሆነ በሉጋንዳ ሲተርክ ነው። ልጁ ከት ብሎ ይስቃል። እናቱ፣ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። ልጇ ሲተረጉምላት ቀልዱ አልፏል።

አንዳንድ ወንድሞች ይህን ሳወራ ይቆጣሉ። «ሰው አገር ላይ እየሞተ አንተ ስለ ድራማ?» ይሉኛል። ንዴታቸው ይገባኛል። ግን እስኪ አንድ ነገር ልንገራችሁ። አሜሪካን አገር የዚህ ዓይነቱ ተከታታይ ድራማ «የሳሙና ድራማ» ይባላል። በ1930ዎቹ ቀን ቀን ቤት ለሚውሉ ሴቶች በሬዲዮ ሲቀርብ ወጪውን የሚሸፍኑት የሳሙና ፋብሪካዎች ስለነበሩ ነው። ከእነዚያ አንዱ «ጋይዲንግ ላይት» የሚባለው በ1937 በሬዲዮ ጀምሮ፣ በ1952 ቴሌቪዥን ላይ ወጥቶ፣ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2009 ተዘጋ። 72 ዓመት! አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ አንድ ድራማ አይተዋል። በ2011 ደግሞ ኤቢሲ «ኦል ማይ ቺልድረን» የሚባለውን ሊዘጋ ነው ሲባል ተመልካቹ ተነሳ፤ ሁቨር የሚባለው የመጥረጊያ ማሽን ፋብሪካ ሳይቀር ከደንበኞቹ ጋር ወግኖ ማስታወቂያውን ከጣቢያው አነሳ። ድራማው ግን ተዘጋ።

ቤታቸው ተቀምጠው፣ ፓስፖርታቸው ኪሳቸው ውስጥ እያለ እነዚያ ሰዎች እንደዛ ካዘኑ... እኛ ላይ የሆነውን አስቡት። እነሱ ድራማው ነው የተዘጋባቸው። የእኛ ድራማ አልተዘጋም ነበር። እኛ ከወጣን በኋላ በሳምንቱ ቀጥሏል። ጎረቤት ተሰብስቦ አይቶታል። የእኛ ወንበር ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል።

አንድ ጎረቤቴ አለ፣ «ሰው ለሰው»ን ሳይጨርስ የወጣ። «ዩቲዩብ ላይ ፈልገን እንክፈትልህ» ብንለው አይሆንም አለ። ለምን ስንለው፣ «ከእህቴ ጋር ነው ሳየው የነበረው። እሷን ሳገኝ አብረን እንጨርሰዋለን» አለን። ሰባት ሰው ነበርን፣ ማንም መልስ አልሰጠውም።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ። ይህን የምጽፈው ባለቤቷ ፈቅዳልኝ ነው። ስሟን፣ አገሯን፣ የቱ ቢሮ እንደሆነ አልጽፍም። በግምት አትፈልጓት፣ በእግዚአብሔር ይዣችኋለሁ።

አንዲት እናት ናቸው፤ እኔ እትዬ ነው የምላቸው። ባለቤታቸው የተወሰዱት በ1997 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። እሳቸው ሁልጊዜም የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «97 ኅዳር»። እዚህ እንደመጡ ያስመዘገቡት ወረቀት ላይ ዓመቱ በትክክል «2004» ተብሎ ተጽፏል። ከዓመታት በኋላ ሌላ ፎርም መሙላት አስፈለገ። የሞላላቸው ልጅ ደግ ልጅ ነው፣ ሊረዳ ነው የመጣው። ግን የኢትዮጵያ ዓመት ላይ ስምንት ይደመራል ብሎ ያውቃልና፣ 1997 ላይ ስምንት ደምሮ «ኖቬምበር 2005» ብሎ ጻፈ።

አያችሁ? ኖቬምበር 2005 ማለት ከምርጫው በኋላ አዲስ አበባ ላይ ሰው የተገደለበት፣ በሺዎች የታፈሰበት ወር ነው። ያንን ቀን የሚያነብ ሰው ሁሉ «እንግዲያው ባልሽ ሰልፍ ላይ ነበር ማለት ነው» ይላል። እትዬ ደግሞ «ኧረ የለም፣ እሱ ሰልፍ አልወጣም» ይላሉ፣ እውነቱ ያ ስለሆነ። ሁለት ወረቀት፣ ሁለት ዓመት፣ አንድ ሴት። ቃለ መጠይቁ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነው ወረቀቶቹን ይዘው የመጡት። ጭራሽ ራሳቸውን መጠራጠር ጀምረው ነበር። «98 ይሆን እንዴ? ጭንቅላቴ ነው?» ይላሉ።

እኔም ማስረጃ ፍለጋ ስጠይቅ ዋልኩ። ክረምት ነበር ወይ? ጤፉ ታጭዷል ወይ? ልጅሽ ስንት ዓመቱ ነበር? አድካሚ ነው፤ ሰው ክፉ ቀኑን በቀን መቁጠሪያ አያስታውስም። ከዚያ ቡና ቀረበ። በረካው ላይ አባታችን እንደ ልማዳቸው የሬዲዮውን ድራማ አነሱ። እትዬ ቀና አሉ።

«የቀን ቅኝት?» አሉ። «እሱ እኮ የመጨረሻውን አብሮን ሰምቷል። የገበያ ቀን ነበር፣ ቅዳሜ። አለቀ ሲባል ተናደደ። 'አለቀ እንዴ? በቃ?' ብሎ ሬዲዮውን ነካ ነካ አደረገው፣ የባትሪ መስሎት። በሳምንቱ ነው የወሰዱት።»

አንዱ ልጅ ስልኩን አወጣ። ኅዳር 18 ቀን 1997፣ ኖቬምበር 27 ቀን 2004። ዕለቱ ቅዳሜ።

ቤቱ ጸጥ አለ። እትዬ አላለቀሱም። «አልተሳሳትኩም» ብቻ አሉ። ሦስት ጊዜ ነው ያሉት።

ምርጫው ደግሞ ግንቦት 7 ቀን 1997 ነው፣ ሜይ 15 ቀን 2005። ድራማው ካለቀ ከአምስት ወር ተኩል በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ባለቤታቸው የተወሰዱት ከምርጫው በፊት እንደሆነ ጥያቄ የለውም። ይህንን ተርትረን ጻፍነው፤ ከየትኛው ወረቀት ላይ ስህተቱ እንደገባ፣ ለምን እንደገባ። ቃለ መጠይቃቸውን ቀርበው ተናግረዋል። መልሱ ገና ነው። ጸልዩላቸው።

አሁን ለሁላችሁም የሚጠቅመውን ልጻፍ። እባካችሁ በጥሞና አንብቡ፣ ለማያነብም አንብቡለት።

የኛ ዓመት ላይ ሁልጊዜ ስምንት አይደመርም። ከመስከረም 1 ጀምሮ ፈረንጆቹ ዲሴምበርን እስኪጨርሱ፣ ማለትም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት ነው የሚደመረው። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ድራማውን ራሱን ተመልከቱት፤ የጀመረው ግንቦት 1994 ነው፣ ስምንት ስትደምሩ 2002። ያለቀው ኅዳር 1997 ነው፣ ሰባት ስትደምሩ 2004። ኅዳርና ግንቦት 97 ለኛ አንድ ዓመት ናቸው፣ ለፈረንጅ ግን ሁለት ዓመት ናቸው። ስንት ሰው «ዋሽተሃል» የተባለው በዚህች አንዲት ቁጥር ነው!

ወሩም እንደዚሁ። ግንቦት 25 ሜይ አይደለም፣ ጁን 2 ነው። የኛ ወር የፈረንጁን ሁለት ወር ይነካል። ስለዚህ ቀኑን ካላወቃችሁ «ግንቦት» በሉ እንጂ ራሳችሁ «ሜይ» ብላችሁ አትተርጉሙ።

ሰዓቱም አለ። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት» ስትሉ የሁለት ሰዓቱ ዜና የሚነበብበት ሰዓት ማለታችሁ ነው። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሊሆን ይችላል። የሚገርመው ባጋንዳዎቹም እንደኛው ነው የሚቆጥሩት፤ «ሳዋ ቢሪ» ሲሏችሁ የኛው ሁለት ሰዓት ነው። ቦዳ ላይ ትግባባላችሁ፣ ቢሮ ውስጥ ትለያያላችሁ። «መሽቶ ነበር፣ እራት ሰዓት» ብላችሁ ጨምሩበት።

ቀኑን በአገራችን አቆጣጠር ተናገሩ፣ አስተርጓሚው ሁለቱንም እንዲጽፍ ጠይቁ፣ ተነቦላችሁ ሳትሰሙ አትፈርሙ። የማታስታውሱትን ቀን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። «ቀኑን አላስታውስም፣ ግን ይህ ነገር በሆነ በሳምንቱ ነው» ማለት ነውር አይደለም። በዩኤንኤችሲአር በ1979 የወጣው መመሪያ እውነቱን የማጣራቱ ሥራ የአመልካቹም የጠያቂውም የጋራ ነው ይላል። የናንተ ድርሻ ያላችሁን በቅንነት ማቅረብ ነው።

ያላችሁ ደግሞ ብዙ ነው። የድራማ መጨረሻ አላችሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ሞቱ ተብሎ ቴሌቪዥኑ በሙሉ ሐዘን ብቻ የሆነበት ሰሞን አላችሁ፤ ያ ነሐሴ 2004 ነው፣ ኦገስት 2012። ቃና የተከፈተበት ዓመት አላችሁ። እነዚህን ማንም ሊያጣራቸው ይችላል። ከጎናቸው የራሳችሁን አስቀምጡ፤ ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ልጄ ተወልዷል ወይስ አልተወለደም? ከማን ጋር ቁጭ ብዬ ነበር የማየው?

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ከ2013 ወዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ ስንት ማኅበር እንደተሰነጠቀ ታውቃላችሁ። አብሮ ቡና የማይጠጣ አለ። ለቅሶ የማይደራረስ አለ። እኔ በስብሰባ ላስታርቅ ሞክሬ ያልሆነልኝ ሰዎች አሉ። እነዚያው ሰዎች ባለፈው ሰሞን ሰርግ ላይ አንድ ጠረጴዛ ደርሷቸው፣ አንገት ለአንገት ሳይተያዩ ቆይተው፣ አንዱ ስለ አስናቀ የሆነ ነገር ሲናገር ሌላው ሳያስበው መለሰለት። ሃያ ደቂቃ አወሩ። አልታረቁም፣ አላጋንንም። ግን ሲነሱ «ደህና እደር» ተባባሉ።

እንግዲህ እስኪ እናንተም ጻፉ። የትኛው ድራማ? የትኛው ክፍል ላይ ወጣችሁ? አጠገባችሁ ማን ተቀምጦ ነበር? በአደባባይ መጻፍ የማትፈልጉ በውስጥ ላኩልኝ፤ ለኬዛችሁ የሚሆን ከሆነ ቀኑን አብረን እንቆጥራለን። ዘመዶቻችን ሆይ፣ እናንተ ደግሞ ቤት ውስጥ ያለ የድሮ ፎቶ ጀርባው ላይ ቀን ካለው በስልክ አንስታችሁ ላኩልን። እማማ የጨረሱትን ድራማ መጨረሻውን ንገሩን ስንላችሁም «አሁን ይሄ ምን ያደርጋል» አትበሉን። ንገሩን።

ቸር ያሰማን።